ልብስ ሰፊ ቆርቆሮ ተራ ምን ይሠራል

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ጥቅምት፣ ባለቤቴን በቀበርኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ከሐዘኑ ወዲህ መጀመሪያ ከልቤ የሳቅኩበት ቀን ስለሆነ አልረሳውም።

ባለቤቴ መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበር። ያረፈው አብነት አጠገብ ባለች ቤተክርስቲያን ግቢ፣ በዕድራችን ትንሽ የመቃብር ቦታ ነው። በቀብሩ ዕለት ሰው ደግፎኝ ስለነበር የት እንዳኖሩት በደንብ አላየሁም። ክረምቱ ሲወጣ ስሄድ የአብዛኞቹን የእንጨት መስቀሎች ጽሑፍ ዝናብ አጥቦታል። አፈሩ አዲስ የሆነ አንድ መቃብር አየሁና «ይሄው ነው» ብዬ አበባ ተከልኩበት። እሁድ እሁድ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ልጆቹ፣ ከእህቱ ጋር ስለመኳረፌ፣ የሆዴን ሁሉ አወራዋለሁ።

አንድ እሁድ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ከኋላዬ ቆሙ።

«እግሬን አሞኝ ልጄ ቤት ብከርም፣ ባሌን ‹የኔ ጌታ› የምትል ሴት ትጠብቀኝ?»

«ተሳስተው ነው እትዬ። ባለቤቴ ነው» አልኳቸው።

«ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ነበር የሚለው። አንቺ ጋ በየት በኩል ሾልኮ መጣ?»

ስድባቸው አልነበረም ያስደነገጠኝ። ይሄ የእሳቸው ባል ከሆነ የኔው የት ነው? የእሳቸውም ፊት አመድ መስሏል።

«ለመሆኑ ያንቺው ሥራው ምን ነበር?»

«ልብስ ሰፊ።»

ትከሻቸው በሳቅ ይርገፈገፍ ጀመር። «ታዲያ ልብስ ሰፊ ቆርቆሮ ተራ ምን ይሠራል?»

እጄን ይዘው እየሄዱ አጫወቱኝ። ዕድሩ እዚህ መጀመሪያ የቀበረው አንድ ቆርቆሮ ነጋዴ ነው። የሱቅ ጎረቤቱ ደግሞ «እኔንም ከጎኑ» ብሎ ተናዞ ሞተ። ልብስ ሰፊዎቹም በግቢው ግንብ በኩል የራሳቸውን ያዙ። እንዲህ እያለ መቃብሩ እንደ መርካቶ በየሙያው ተራ ተራ ሆነ፤ እኔ ስቀመጥ የከረምኩት ከቆርቆሮ ነጋዴዎቹ ተራ ነበር።

ግንቡ ሥር የባለቤቴ መስቀል ከዝናብ ተከልሎ ስሙ ሳይጠፋ ቆሟል። ከጎኑ ያለው ሐውልት ላይ የማውቀው ፎቶ አለ። አንድ በረንዳ ላይ አብሮት ሲሰፋ፣ በኳስ ሲከራከረው የኖረ ጓደኛው ነው። እኔ ብቻውን ተኝቷል ብዬ ስብሰለሰል፣ እሱ ለካ ከጓደኛው ጋር ነው። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

«የቤቴን ገመና ሁሉ የሰማው የእርስዎ ባል ነዋ» ስላቸው፣

«እሱ እንደሆነ በሕይወቱ ሴት እንዲህ አድምጦ አያውቅም። ደግ አደረግሽ» አሉኝ።

አሁን እሁድ እሁድ አብረን እንሄዳለን። ሐዘኔ አልወጣልኝም፤ ግን ከግቢው ስወጣ ቀለል ይለኛል። ከአበባው ግማሹን ወደ ልብስ ሰፊዎቹ አዛውሬ ግማሹን እዚያው ተውኩት። በቆርቆሮ ተራ ሳልፍም ለባላቸው ሰላምታ ሳልሰጥ አልሄድም፤ ብዙ ነገሬን ያውቃል።