የጋሽ አትርገጡ ጉልበት

ሴራሚክ አንጣፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ አትርገጡ» ይለዋል። ያነጠፈው ወለል ሳይደርቅ ጫማ ወደ በሩ ሲጠጋ ካየ ጩኸቱ ጣሪያ ይነቅላል። ሥራውን ሁልጊዜ ከሩቁ ጥግ ጀምሮ፣ በጉልበቱ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ በበሩ ይወጣል። የሰው ቤት እንዲህ ሲያሳምር የኖረ ሰው የራሱ ሳሎን ግን የተቦረቦረ ሲሚንቶ ነው።

«የእኛስ መቼ ነው?» ትላለች ሚስቱ፣ መጥረጊያዋ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር።

«በቅርቡ።»

ልጆቹ አድገው ተዳሩ፤ «በቅርቡ» ግን አልመጣም።

አንድ ቀን ሥራ ላይ እንዳለ ቀኝ ጉልበቱ ቀጭ አለና ተቆለፈ። አይታጠፍ፣ አይዘረጋ። ባልደረቦቹ ደግፈው ቤቱ ሲያስገቡት ሚስቱ ክው አለች። እሱን ያንገበገበው ግን ሕመሙ አልነበረም። ለሰው ሁሉ የተንበረከከ ጉልበት ለእሷ ሳይንበረከክ ሊቀር ነው!

ሆስፒታል ሲወስዱት ሐኪሟ መርምራ፣ «ከመገጣጠሚያው ተፈርፍረው የወጡ ስብርባሪዎች አሉ። እየተንሸራተቱ መሀል ሲገቡ ይቀረቀራሉ» አለችው።

«ታዲያ ጉልበቴን ሊተረትሩት ነው?»

«ኧረ ጋሼ! ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ። በአንዱ ካሜራ፣ በአንዱ መቆንጠጫ።»

በቀዶ ጥገናው ቀን በማደንዘዣ ከወገቡ በታች ደንዝዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የጉልበቱን ውስጥ በቴሌቪዥን አየ። ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ በውሃ የታጠበ። መቆንጠጫው ሲጠጋት አንዷ ስብርባሪ ሹልክ ትላለች። «ጥግ ገባች ዶክተር! በግራ!» እያለ እንደ ኳስ ተመልካች አስቸገረ። ብረቱ ያን ነጭ ወለል ሊነካ ሲል ግን አላስቻለውም።

«አትርገጡ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስብርባሪዎቹ አንድ በአንድ ተለቅመው ወጡ፤ እሱም በዚያው ቀን ቤቱ ገባ።

ቁስሉ ቶሎ ዳነ፣ መንበርከክ ግን ወራት ወሰደ። የታዘዘለትን እንቅስቃሴ እየተነጫነጨም ቢሆን ሠራ። ሐኪሟ ወፍራም ስፖንጅ ላይ እንዲንበረከክ የፈቀደችለት ዕለት እንደ ሕፃን ፈነጠዘ።

ከዚያ ሚስቱ ልጇ ጋ ሰንብታ ስትመለስ በሩ ላይ ቀጥ አለች። ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ያበራል። ባሏ ሩቁ ጥግ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል።

«ውይ በሞትኩት! ደግሞ ያዘህ?»

«ጉልበቴስ ደህና ነው» አለ እያፈረ። «ስትገቢ መጀመሪያ የምታይው እንዲያምር ብዬ ከበሩ ጀመርኩ። መውጫዬን ረሳሁት።»

ሳቋ እንባዋን አመጣው። እሱም ዓይኑ እርጥብ አለ።

«ግቢ ግድ የለም» አላት። «አንቺ እርገጪው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩ ሰው እስኪደርቅ መጠበቅ ያቅተኛል? አርፈህ ተቀመጥ!» ብላ ጫማዋን አውልቃ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ከወለሉ ወዲህና ወዲያ ሆነው ሲጨዋወቱ አመሹ። አንዲት ጎረቤት «እንኳን ደስ አላችሁ» እያለች እሷን ተሻግራ ልትገባ እግሯን ስታነሳ እሱ አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ ግን ቀደመችው።

«አትርገጡ!»