ኔትወርክ የሌለበት ተራራ

ወርቅውሃ አሁን ቤተክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። ሰላም ብቻ። ስድስት ዓመት አንድ ላይ አንሶላ ያጠፍን ሴቶች፣ "እንደምን ሰነበትሽ" ተባብለን ወደየመኪናችን እንሄዳለን። ሰው "ምን አጣላችሁ?" ሲለኝ "ኧረ ምንም" እላለሁ። ውሸቴን ነው። እስቲ ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ወርቅውሃ የደብረ ማርቆስ ሰው ናት። ልጇ ይድነቃቸው ዲቪ ደርሶት ቀድሞ አሜሪካ መጣ፤ ሲትዝን ሲሆን እሷን በፈረንጆቹ 2007 አስመጣት። ሲልቨር ስፕሪንግ እሱና ሚስቱ ዮሐና ቤት ትኖራለች። ሥራችን አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነበር፤ እኔ ከዊተን ስመጣ በመንገዴ አነሳታለሁ። መኪናዬ ውስጥ የሲትዝንሽፕ ፈተናውን ሲዲ ትከፍታለች። ሲዲው "ሴኔተሮች ስንት ናቸው?" ሲላት፣ "እኔ ምን ቸገረኝ፣ የሚበቃቸውን ያህል ናቸዋ!" ትለዋለች። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ ይብሳል። ስትስቅ የማድረቂያውን ጩኸት ትበልጣለች።

በአንድ ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። እንደመጣች ሰሞን አባቷ ሞተው አራት ወር ደበቋት። በዚያ መሃል ሠርግ ተጠርታ እስክስታ ወርዳለች፤ ያጨበጨበላት ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ይህን ስትነግረኝ አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን ቆመናል።

"እታለማሁ፣ እናቴን በእጄ አፈር ሳላለብሳት ብቀር አልሽርም። የሷ ነገር ሲመጣ አንቺ ንገሪኝ። ማንም ምንም ቢል።"

"እነግርሻለሁ" አልኳት።

"በማርያም በይ።"

"በማርያም።"

በ2013 ኦክቶበር፣ አርብ ከሥራ ስወጣ ይድነቃቸው ኮል አደረገኝ። "እትዬ እታለማሁ፣ አያቴ ሐሙስ አርፋለች። ቀብሩም ተፈጽሟል። ግን ሰኞ የእማዬ የሲትዝንሽፕ ኢንተርቪው ነው፤ አምና አንዴ ወድቃበታለች። አሁን ከሰማች አለቀላት። ሰኞ ስትወጣ ሰው ሰብስቤ አረዳታለሁ።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ነገ ቅዳሜ ነው። ትደውላለች።"

እውነቱን ነው። ወርቅውሃ ቅዳሜን እናቷን ሳታናግር አትውልም። ይድነቃቸው ሁሉንም አስቦበት ነበር። ቅጠሉ ቀልቷል፣ ዮሐናም አብራ ትሂድ፣ ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት የተራራ መንገድ ላይ ይውሰዷት አለኝ፤ እዚያ ተራራ ላይ ኔትወርክ የለም። እኔም "እሺ፣ ለራሷ ብለን ነው" አልኩ። ይቺን ቃል የፈጠረ ሰው የት ይሆን ያለው! መቼ ተቀበሩ፣ ማን ቀበራቸው ብዬ አልጠየቅኩም። ቀብሩ ካለፈማ መሐላዬም አብሮ አልፏል ብዬ ለራሴ ፈረድኩ።

ከፍሮንት ሮያል ከተማ ወደ ላይ ሲወጣ መንገዱ የተራራውን ጀርባ ይዞ ይጠማዘዛል። በቀኝም ሸለቆ፣ በግራም ሸለቆ። ከሠላሳ አምስት ማይል በላይ መንዳት ክልክል ስለሆነ ዛፍ ዛፉን እያየን ተጓዝን፤ ቢጫው፣ ብርቱካኑ፣ ደም የመሰለው ቀይ። ወርቅውሃ ከጎኔ መስኮቷን ከፍታ በየመታጠፊያው "ኧረ ጉድ! ኧረ ጉድ!" ትላለች።

ከሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ከፍታውን የሚናገር ሰሌዳ አለ። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ጫማ ይላል። "በሜትር ስንት ነው?" አለች። ከኋላ የተቀመጠችው ዮሐና አሰበችና "አንድ ሺህ አንድ መቶ ገደማ፣ እማዬ" አለቻት።

"ይሄን ነው ተራራ የምትሉት? እኛ አገር ይሄ ቆላ ነው እኮ! እናቴ ብትሰማ በሳቅ ትሞታለች።"

ዮሐና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ በመስታወት አየኋት።

"ምነው ልጄ?"

"አለርጂ ነው፣ እማዬ።"

"አይ፣ ይቺ አገር! አለርጂ የሌለበት ሰው የላትም" ብላ ከቦርሳዋ ሶፍት አቀበለቻት።

ሰው ቆሞ ሸለቆውን የሚያይበት ቦታ ላይ ወረድን። ወርቅውሃ እንደ ልጅ ሆነች። እዚህ አንሺኝ፣ እዚያ አንሺኝ አለች፤ ከማታውቃቸው ፈረንጆች ጋር ሳይቀር ፎቶ ተነሳች። ቀጥሎ ስልኳን አወጣች። "ከዚህ ላይ ሆኜ እናቴን ላናግራት። ተራራ ወጣሁ ልበላት።" ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጋ የድንጋዩን አጥር ይዛ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። "አንድ መስመር እንኳን የለም!"

"ተይው በቃ። ሳምንት ትደውይላታለሽ" አልኳት።

ይህን ያለው የኔ አፍ ነው። እሷ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና መጥታ አቀፈችኝ። "ወንድ ልጄ እንኳ እንዲህ ያለ ቀን ሰጥቶኝ አያውቅም፣ እታለሜ" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ምነው ያኔ መሬት ተከፍቶ በዋጠኝ!

አሥር ሰዓት ላይ ወርደን ፍሮንት ሮያል ነዳጅ ማደያ ቆምን። ቀድቼ ስገባ ስልኳ መንጫጫት ጀመረ።

"ዘጠኝ ሚስኮል! ከአገር ቤት ነው። ብርሃነመስቀል ነው፣ ወንድሜ።" ፊቷ ተለወጠ። "መልእክትም ትቷል።"

"ቤት ስንደርስ ትሰሚዋለሽ" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"ምን ሆነሻል አንቺ?" ስልኩን ከእጄ አራቀችው። ጆሮዋ ትንሽ ይከብዳታል፤ ሁሌም ስፒከር ላይ ነው የምትሰማው። ድምፁ መኪናውን ሞላው።

"ወርቄ፣ እኔ ነኝ። ይድነቃቸው፣ 'መርዶውን ነግሬያታለሁ፣ ግን አትመጣም' አለኝ። እኔ አላመንሁትም። እናታችንን እስካሁን ሆስፒታል አስቀምጠናታል። ቀብሩን ነገ በዘጠኝ ሰዓት አድርገነዋል፣ ጠዋት ቦሌ ከገባሽ እንድትደርሺ። ሰው ከነመኪናው ልኬልሻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ቦሌ ነው። ስልክሽ አይነሳም። አውሮፕላን ላይ ነሽ ማለት ነው። እግዜር በሰላም ያግባሽ።"

እንደገና ከፈተችው። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

አልተቀበሩም ነበር። ያ ልጅ እኔንም ዋሽቶኛል። ጠዋት በሦስት ሰዓት በዱለስ አየር ማረፊያ መውጫ አጠገብ ስናልፍ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ገና አልተነሳም። ማታውኑ ብነግራት ኖሮ በሱ ትደርስ ነበር።

ዮሐና ከኋላ እያለቀሰች "ለኢንተርቪውዎ ብሎ ነው፣ እማዬ፣ ለርስዎ ብሎ ነው" ትላለች።

"ወረቀት ነው እናቴን የሚቀብርልኝ?" አለች ወርቅውሃ። አልጮኸችም። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ታውቂ ነበር?"

"ተቀብረዋል ብሎኝ ነው! በማርያም፣ ተቀብረዋል ነው ያለኝ፤ እኔንም እኮ አታሎኝ…"

"ሞታለች ብሎሽ የለም?"

"ብሎኛል" አልኩ።

በሩን ከፍታ ወረደች። ማደያው ጥግ፣ የመኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ደወለች። ተከትያት ወርጄ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆምኩ። መጠጋትም መራቅም አቃተኝ። እዚያ ወደ እኩለ ሌሊት ነው፤ ወንድሟ ግን አንዴ ሳይጠራ አነሳው።

"ወርቄ! የት ደረስሽ?"

"አልተነሳሁም፣ ብርሃኔ። ቦሌ የላክኸውን ሰው ጥራው፣ ይግባ። አትጠብቁኝ።"

"ምን ማለትሽ ነው? እናትሽ እኮ ናት! ማን ከለከለሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። እኔን ትጠራኛለች፣ ልጇን ትጠራዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጠራኝ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ ነበር።

"ማንም አልከለከለኝም" አለችው። "ተራራ ወጥቼ ቅጠል ሳይ ዋልሁ።"