የእትዬ ዘነቡ ጠጠሮች

ልጅ ሳለሁ፣ ሀና ማርያም አካባቢ መብራት በየቤቱ ሳይገባ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ጠጠር ይጥሉ ነበር። ልጅ የታመመበትም፣ ከብት የጠፋበትም ደጃቸው ይመጣል። የወለዱት ስለሌላቸው ይሁን ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ እንጃ፣ ማታ ማታ እኔን ፍሙ አጠገብ አስቀምጠው ሙያቸውን ያስተምሩኝ ነበር።

ያኔ ትምህርቱ በመጣል አልተጀመረም። ሰባቱን ጠጠሮች ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እየዳበስኩ መለየት ነበረብኝ። እያንዳንዱ ተረት አለው፤ ተረቱን ሳልስት ካልተናገርኩ ቀጣዩን አይሰጡኝም። ቀዩ ሁለት ወንድማማቾችን ያጣላ ምላስ ነው። ጎባጣው ጎተራ ሥር ተደብቆ የከረመ ሌባ። ጥቁሩ ደግሞ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ፣ እንስራዋን ወንዝ ዳር ትታ፣ አገር ልታይ የሄደችው ልጅ ናት፤ እሷንማ ከሁሉ አስበልጬ ነበር የምወዳት። የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እየለበለበኝ፣ ጠጠሮቹ መሬት በተነጠፈው ሌጦ ላይ ሲበተኑ ማን ከማን እንደተጠጋ ማንበብ ለመድኩ። ወደ ምድጃው የወደቀ ይቀመጣል፣ ወደ በሩ የወደቀ ይሄዳል።

ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ እናቴ ከትምህርት ልታስቀረኝ አሰበች። መወሰን ሲያቅታት እኔን ይዛ እትዬ ዘነቡ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም ጠጠሮቹን ጣሉ። ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ቤት ትቀመጥ ይላል። ለእኔም ዓይን ትሆነኛለች» አሉ።

«እትዬ፣ ጥቁሩ እኮ ወደ በር ነው የወደቀው» አልኩ።

«ወይ ጉድ፣ ትናንት ንፍጧን የጠረግኩላት ዛሬ አራሚ ሆነችብኝ።»

«እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«ተረቱን እንጂ ፍቺውን መች ሰጠሁሽ? ፍቺው የእኔ ነው።»

ፍቺው የእሳቸው ከሆነ ጠጠሩ ምንም አላለም ማለት ነው። ወደ እናቴ ዞርኩ።

«እማዬ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ድንጋይ ለምን ይጠየቃል?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ «እሺ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለች።

«እማራለሁ።»

መንገድ ላይ ለታላቅ መልስ ሰጠሽ ብላ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ፤ መስከረም ሲጠባ ግን ደብተር ገዛችልኝ።

ሩቅ አልሄድኩም፣ ስምንተኛ ላይ ትዳር መጣ። እሱንም ቢሆን ተጠይቄ፣ አስቤበት ነው የገባሁበት። እትዬ ዘነቡን አልረግማቸውም፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ተረቶቻቸውን ለልጆቼ እነግራለሁ፣ ጠጠር ግን ቤቴ አይጣልም። ዛሬም ዘመድ ተሰብስቦ፣ ወይም ትንቢት አለኝ የሚል ሰው መጥቶ፣ ልጄ በሌለችበት ስለ ልጄ ሲቆርጥ «ቆዩ፣ ትምጣና ትጠየቅ» እላለሁ። ደፋር ናት ይሉኛል። ይበሉኝ። ሁሉን የሚያውቀው አምላክ እንኳ የሰውን ልጅ ጠርቶ ይጠይቀዋል።