በክሎሪን ያበላሸሁት ተዝካር

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን የምትኖረው የወንድሜ ልጅ፣ የውሃ ምርመራ ባለሙያዋ፣ ምሳ ላይ ስለ ሥራዋ አጫወተችኝ። «ጋሼ፣ ክሎሪን ጀርም ይገድላል፤ ያለሱ አይሆንም። ግን ወንዝ ውሃ ውስጥ ካለ ብስባሽ ቅጠልና አፈር ጋር ሲገናኝ ሌላ ነገር ይወልዳል። ያንን ለዓመታት መጠጣት ለጤና አይበጅም። ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ ረግቶ ይጣራል፤ ክሎሪኑ ከዚያ በኋላ ነው።» ሽሮውን ትቼ እጄን ከትሪው ሰበሰብኩ። ይህንን ትምህርት በደርግ ጊዜ አንዲት ጠላ ጠማቂ በነፃ ሊሰጡኝ ነበር።

ያኔ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የውሃ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ የክሎሪን ዱቄት በጣሳ ገንዳው ውስጥ መጨመር ነው። በበጋ አንድ ጣሳ። ክረምት ገብቶ ወንዙ የገብሱን ማሳ አፈርና ፋንድያውን ጠራርጎ ሲያመጣ ሦስት ጣሳ። ጭቃን በዱቄት የማሸንፍ ይመስለኝ ነበር፤ የሰባተኛ ክፍል ሊቅ! ልብሴ ክሎሪን ክሎሪን ሲሸት እንኳ እንደ ሽቶ እኮራበታለሁ። አለቃዬማ «ሽታው የንቃታችን ምልክት ነው» የሚል፣ ገንዳው አጠገብ ደርሶ የማያውቅ ግብዝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ወይዘሮ አስካለ የባላቸውን ተዝካር ሊያወጡ ሲዘጋጁ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሡ። ከተማው የሚያውቃቸው በጠላቸው ነው፤ እንጀራቸውም እሱ ነው።

«ልጆቼ፣ የቦኖው ውሃ በበጋ ሲያድር ሽታው ይለቃል። በክረምት ግን ሦስት ቀን ባሳድረውም አይለቅም። ከጭቃው ጋር ሌላ ነገር ሆኗል። ለተዝካሬ እንኳ ሁለት ቀን ይጥለልና ዱቄቱን ከዚያ ጨምሩበት።»

ይጥለል ማለት ቦኖው ሁለት ቀን ይዘጋ ማለት ነው፤ የአለቃዬ ሪፖርት ይበላሻል። ዓይኑን ሲጥልብኝ ብድግ አልኩ።

«ጓዶች! ያልሸተተ ውሃ ያልታከመ ውሃ ነው። ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው!» አልኩና ከቦኖው ጣሳ ሙሉ አስቀድቼ ግጥም አደረግሁት። ተጨበጨበልኝ፤ የወይዘሮ አስካለ ልመናም በዚያው ቀረ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የደስታ አልነበረም።

የተዝካሩ ዕለት ካህናቱና ከአንኮበር በጭቃ ሲዳክሩ የመጡት ዘመዶች ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ፤ እኔና አለቃዬም ተጠርተን ነበር። ጠላው በወይራ በታጠነ ጋን ተጠምቋል፤ የወይራው ጭስ ከክሎሪኑ ጋር ተጋብቶ የታጠበ ክሊኒክ ክሊኒክ ይላል። የቀመሰ ሁሉ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ።

«አስካለ፣ ወንድሜን በመድኃኒት ነው የምትዘክሪው?» አሉ የሟች ታላቅ ወንድም።

ወይዘሮ አስካለ ማንቆርቆሪያውን አንሥተው ፊቴ ቆሙ። «ጓድ ሐኪም፣ አንተ ትወደዋለህ። ጠጣ።»

ጠጣሁ። ቀዱልኝ። ደግሞ ጠጣሁ። አለቃዬ ከጀርባዬ የጠርሙስ ቢራውን ይመጥጣል።

«በዚህ ሁሉ ዘመን ጠላዬ ሲመለስብኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወዲያ ደጃቸው ላይ የጠላ ምልክት ተሰቅሎ አላየሁም።

ይህንን ስነግራት የወንድሜ ልጅ ልታጽናናኝ ሞከረች። «ጋሼ፣ ያኔ እኮ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።»

«ነበር እንጂ» አልኳት። «አስካለ ያውቁ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቃችኋቸውም?»

ክሎሪኑን አልከሰውም፤ ስንቱን ሕፃን ከተቅማጥ አድኗል። የምንቀው ባለጣሳውን፣ ራሴን ነው። ሴትየዋ ማንም ሳይጠይቃቸው ቆመው ነግረውኛል፤ እኔ ግን ጭብጨባዬን እየሰማሁ ነበር።