የጋሽ በራሶ ጆሮና የእትዬ አስካለ ጉልበት

ዲላ መናኸሪያ ጀርባ ወደሚገኘው የጋሽ ሽኩር ጋራዥ መጀመሪያ የገባሁት መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ማትሪክ አልመጣልኝም። ጋሽ ሽኩር ከላይ እስከ ታች አየኝና እጅጌው ክርኔ ላይ የሚቀር ቱታ ወረወረልኝ። ከዚያ በናፍጣ የተሞላ ጎድጓዳ ቆርቆሮ ሰጥቶኝ ብሎን እንዳጥብ አዘዘኝ። አጥቤ ስጨርስ፣ ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጡ በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እንድደረድራቸው ነገረኝ። ደባለቅኳቸው። አልተቆጣም። እንደገና ፈትቶ እንደገና አስደረደረኝ።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የጤና ጥበቃ አምቡላንስ ለሰርቪስ ገባ። ሹፌሩ ጋሽ በራሶ ይባላል፤ ከወናጎ ወዲያ ያለችው ገጠር የኮንጋ ሰው ነው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ። የውሃ ፓምፑን ብሎን እንዳጠብቅ ተፈቀደልኝና አብዝቼ ጠምዝዤ ሰበርኩት። ጋሽ ሽኩር ቁልፉን ከእጄ ሊወስድ ሲመጣ፣ ጋሽ በራሶ ተረኛው ሌላ መኪና ስለሆነ አልቸኩልም፣ የሰበረው ራሱ ያውጣው አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እሱ ወዳጅ ሆንን።

ጋሽ በራሶ አማርኛን የተማረው ካደገ በኋላ ነው። ሴቷንም ወንዱንም በወንድ አንቀጽ ይጠራል። ሚስቱን አስካለን ሳይቀር “እሱ” ይላታል። እትዬ አስካለ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ አባቷ ከሰሜን መጥተው ዲላ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የሠሩ። የተማሪ ሰዋስው ስታርም የኖረች ሴት የባሏን ግን አንድ ቀንም አርማው አታውቅም።

እኔ አራት ዓመት ረዳት ሆንኩ፣ ከዚያ ሁለተኛ መካኒክ፣ ከዚያ ዋና መካኒክ። ጋሽ ሽኩር ሲደክም እኔ ወደ ወናጎ መውጫ የራሴን ትንሽ ጋራዥ ከፈትኩ። ከሚሊኒየሙ ወዲህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥራ በዛ፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው፣ አብሬው ሄጄ እንዳይለት ይጠይቀኝ ጀመር።

አሠራሬ አንድ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀዝቃዛ እያለ እደርሳለሁ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቀኝ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብዬ እመለሳለሁ። የዘይቱን መለኪያ መዝዤ በጣቶቼ መሃል አሻለሁ። ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቼ ቀለሙን አያለሁ። ከሥር ገብቼ የመኪናው አጽም፣ ሻሲው ላይ የብየዳ ጠባሳ በእጄ እፈልጋለሁ፤ ቀለም ዓይንን ይሸውዳል፣ እጅን ግን አይሸውድም። የጎማውን አበላል አያለሁ። መጨረሻ ላይ ዳገት አወጣዋለሁ። ያየሁትን ለገዢው ሻጩ ፊት እናገራለሁ። በዚህ የተነሳ ሰላምታ የነሱኝ ነጋዴዎች ነበሩ። ቆይተው መኪና ሲገዙ ግን እነሱም እኔን ነው የጠሩት።

ጋሽ በራሶ ሠላሳ ዓመት ነዳ። ጨለለቅቱን፣ ወናጎን፣ የኮንጋን ጭቃ እያንዳንዱን ጉድጓድ ያውቃል። ጡረታ ከወጣ በኋላ የዓይን ግፊት ያዘው። ሐኪም ጋ ዘግይቶ ሄደ። መጀመሪያ የጎን የጎኑ እይታ ጠፋ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም አላየም።

እትዬ አስካለ ያኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ማንንም ሳታማክር መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ገባች። የልጆቿ እኩዮች ከሆኑ ወጣቶች ጋር ተሰልፋ ተማረች፤ አንዴ ወድቃ በሁለተኛው አለፈች። ለምን እንደተማረች ስጠይቃት፣ በራሶ ኮንጋ ያለውን የእናቱን ቡና ሳይረግጥ ወር ሲሞላው እንቅልፍ ያጣል፣ ሚኒባስ ላይ ደግሞ እየጎተትኩ ላወጣውና ላወርደው አልፈልግም አለችኝ።

ሐዋሳ የምትሠራው ልጃቸው የድርሻዋን ጨምራላቸው፣ አንድ የዲላ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ካመጣቸው ሁለት መኪናዎች አንዷን ሊገዙ ሆነ። ሁለቱም ከአውቶሞቢል ከፍ፣ ከትልቁ ጂፕ አነስ የሚሉ፣ ለጠጠር መንገድም ለከተማም የሚሆኑ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁለቱም ደህና መኪናዎች ስለሆኑ አንዳቸውን ማማት አልፈልግም። አንደኛዋ ነጭ፣ አውቶማቲክ ናት። ሌላዋ ብርማ፣ በእጅ ማርሽና በግራ እግር ፍሪሲዮን የምትነዳ።

ማክሰኞ ጋሽ በራሶ ብቻውን በባጃጅ መጣ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። ወሬ አላበዛም።

“ታደለ፣ ነጩ ይሻላል በልልኝ” አለ። “አስካለ የግራ ጉልበቱ ታሟል። ደረጃ ሲወጣ እሰማዋለሁ። ፍሪሲዮን እየረገጠ ኮንጋ መድረስ አይችልም። እኔ ካልኩት ግን እምቢ ይላል። አንተ ከሞተሩ ነው በል።”

ለእትዬ አስካለ እንዳልነግራት አስማለኝ።

ረቡዕ ደግሞ እሷ መጣች። ከትምህርት ቤት ዘመኗ የቀረላትን ጥቁር ቦርሳ እንደያዘች ቆማ ተናገረች። ባለፈው ዘመዳቸው በአውቶማቲክ መኪና ሐዋሳ ወስዷቸው ነበር። ጋሽ በራሶ መንገዱን ሁሉ የት ደረስን፣ የት ደረስን እያለ ሲጠይቅ ሄደ። በመጨረሻ አፍሮ ዝም አለ። ሚኒባስ ላይ ግን ጠይቆ አያውቅም። ሹፌሩ ማርሽ ሲቀንስ የትኛው ዳገት እንደሆነ፣ ሲጨምር የትኛው ሜዳ እንደሆነ በጆሮው ያውቀዋል። ስለዚህ ብርማዋ ትሻላለች በል አለችኝ። ምክንያቱን እንዳልነግረው እሷም አስማለችኝ።

ሁለቱንም መኪና ሐሙስ አየኋቸው። ነጯ ንጹሕ ናት፤ የፊት ጎማዋ ብቻ በውስጥ በኩል ተበልቷል፣ እሱ የጎማዎቹ አሰላለፍ ሲታረም ይስተካከላል። ብርማዋ በሞተሩ የላይ ክዳን በኩል ዘይት ታልባለች፣ ፍሪሲዮኗም ድንጋይ ነው። የእኔ ጤነኛ እግር ሳይቀር ተሰማው። በሙያዬ ካየነው ነጯ ትበልጣለች።

ቅዳሜ ሁለቱንም ጋራዥ ጠራኋቸውና ያየሁትን እንዳየሁት ተናገርኩ። ጋሽ በራሶ ወዲያው ነጩ ይሁን፣ ነዳጅም አይበላም አለ። እትዬ አስካለ የብርማዋ መለዋወጫ እዚሁ ዲላ እንደ ልብ ይገኛል አለች። እሱ የዘይቱን ነገር አነሳ። እሷ የጎማውን። ድምፃቸው ከፍ አለ። ያን ያህል ዘመን ሳውቃቸው ሲጨቃጨቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው እንድረዳቸው ወደ እኔ ዞረዋል፤ እሱ በጆሮው፣ እሷ በዓይኗ።

መሐላዬን አፈረስኩ። ጋሽ በራሶ ነጯን የፈለገው ለጉልበትሽ ነው፣ እትዬ አስካለ ብርማዋን የፈለገችው ለጆሮህ ነው አልኩ። ሌላ መውጫ አላየሁም።

ጋሽ በራሶ አንገቱን ደፍቶ ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘ።

“እኔ የት እንደደረስኩ ባላውቅ ምን እሆናለሁ?” አለ። “አንተ እግርህ ይዳን።” ሚስቱን ነው።

እትዬ አስካለ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች።

“ሠላሳ ዓመት የት እንደደረስክ ሳላውቅ ቤት ተቀምጬ ጠብቄሃለሁ” አለችው። “ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ እንደዚያ እንድትሆን አልፈልግም።”

እኔ ቁልፍ የምፈልግ መስዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። ብርማዋን ለሦስት ቀን ወስጄ ፍሪሲዮኗን እንዳስተካክል ነጋዴውን ጠይቄ ተፈቀደልኝ።

ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ አወረድኩ። የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል፣ መግፊያው ኩሽኔታ ደርቋል፣ ገመዱም በሽፋኑ ውስጥ ተበጣጥሶ ይጎተታል። ሦስቱንም ቀየርኩ። ከዚያ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አንዴ ብቻ ያደረግሁትን አደረግሁ፤ ገመዱ ፔዳሉ ላይ የሚያዝበትን ቦታ ትንሽ ወደ ላይ አዛወርኩት። ፔዳሉ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፣ ግን ይቀላል። ካምቢዮው እንዳይጮህ ገመዱን ሃያ ጊዜ ያህል ፈትቼ እያሰርኩ ልኩን ፈለግሁ። የሹፌሩን ወንበር ደግሞ ከሥሩ በብረት ከፍ አደረግሁት፤ ጉልበቷ ብዙ እንዳይታጠፍ።

እትዬ አስካለን አስቀምጬ ሠላሳ ጊዜ አስረገጥኳት። ጉልበቷን ሳይሆን ፊቷን እያየሁ ቆጠርኩ። አመመሽ ወይ አልኳት። “ቅቤ ነው” አለች። ጋሽ በራሶም በሩ ላይ ቆሞ ትንፋሿን ያዳምጥ ነበር። እሱም ምንም አልሰማም። ተስማማና ብርማዋን ገዟት።

መጀመሪያ ወደ ኮንጋ ሲሄዱ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። እሷ መሪውን በሁለት እጅ አንቃ ይዛ፣ እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ። ከዲላ እንደወጣን ጭንቅላቱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አደረገ።

“ወናጎ ልንገባ ነው” አለ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የወናጎ ባጃጆች ታዩ።

ዳገቱ ላይ መኪናዋ ማቃሰት ስትጀምር፣ “ሁለተኛ አስገባ” አላት።

“አስገብቻለሁ።”

“ዘግይተሃል።”

እትዬ አስካለ ሳቀች። ከአስፋልቱ ወርደን የኮንጋን ጠጠር ስንይዝ ጋሽ በራሶ ወሬውን ከፈተ። እዚህ ጋ የእገሌ እንሰት አለ፤ እዚህ ጋ ጎማ ፈንድቶብኛል፤ አሁን ድልድዩ ይመጣል፣ በግራ በኩል ያዝ። አንድ መታጠፊያ ላይ እንድታቆም ጠየቃት። እዚያ ቦታ አንዲት እናት አምቡላንሱ ውስጥ እንደወለደች፣ እሱም ባትሪ ይዞ እንዳበራ ነገረን። ይህን ለሚስቱ ነግሯት አያውቅም ነበር። ያን ዘመን ሁሉ ሥራውን ይዞ ወደ ቤት አይገባም ነበር፣ አለችኝ በኋላ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በየመታጠፊያው አንድ ነገር ይነግራት ጀመር። መንገዱ ነው የሚያስታውሰው።

አራት ዓመት እንደዚያ ሄዱ። በየሦስት ወሩ ለሰርቪስ ይመጣሉ። እኔ ገመዱን እያየሁ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው እላለሁ፤ እሷ ቅቤ ነው ትላለች። እሱ ከጎን ሆኖ ይከሳታል፤ ሦስተኛ ላይ ይቸኩላል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያበዛል ይላል። የኮንጋ ሰዎች መኪናዋን ሲያዩ ማን እንደመጣ ያውቃሉ፤ ገና ሳትቆም በመስኮት ድምፃቸውን እየለየ ስም እየጠራ ሰላም የሚለው ዓይነ ስውሩ ነው።

ጋሽ በራሶ በበልግ ወቅት በአጭር ሕመም አረፈ። የተቀበረው ኮንጋ፣ ከእናቱ አጠገብ ነው። አስከሬኑ በሌላ መኪና ሄደ፤ እትዬ አስካለ ግን ማንም እንዲነዳላት እምቢ ብላ በራሷ መኪና ከኋላ ተከተለች። አጠገቧ እንድቀመጥ ጠየቀችኝ። ዳገቱ ላይ በሰዓቱ ሁለተኛ አስገባች።

ከተዝካሩ በኋላ ብቻዋን ጋራዥ መጣች። ከመኪናዋ ስትወርድ በሩን ይዛ ትንሽ ቆመች።

“ታደለ፣ አሁን አውቶማቲክ ፈልግልኝ” አለች።

ፍሪሲዮኑ ከብዶ እንደሆነ ላስተካክለው አልኳት።

“እሱስ ቀላል ነው። ጉልበቴ ነው። መልሶ ካመመኝ ሦስት ዓመት አለፈው።”

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ስጠይቃት ሁልጊዜ አጠገቧ ማን ይቆም እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

“ብነግርህ ይሰማ ነበር” አለች። “አሁን ለራሴ ስል ነው የምነዳው። ለራሴ ደግሞ አልችለውም።”

በወሩ አንዲት አነስተኛ አውቶማቲክ አገኘሁላት። ሞተሯን፣ ሻሲዋን፣ ጎማዋን እንደተለመደው አየሁ። እስከዛሬም ትነዳታለች፤ ወደ ኮንጋ በየወሩ ትሄዳለች።

አሁን ጋራዡን ለሌሎች ትቻለሁ። ወጣት መካኒኮች መኪና ስለማስመረጥ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህን ነው። ዘይቱን፣ ካንዴላውን፣ ሻሲውን ማየት ማንም ይማረዋል። ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ማን እንደሚነዳና አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥ ጠይቁ፤ ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቁ።