ያልነሳው ማሽንና ያልተፈረመው ደብዳቤ

ኮሌጁ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሁሉም «ሐኪሟ» ነው የሚላት፤ የምታክመው ግን ኮምፒውተር ነው። ማተሚያው ወረቀት ቢነክስ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋ፣ ስክሪን ቢጨልም «ሐኪሟን ጥሩልኝ» ነው። እሷም ብዙ ሳታወራ መጥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ አስተካክላ ትሄዳለች።

ባሏና የስድስት ዓመት ልጇ የሚኖሩት በአውቶቡስ ስምንት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ ነው። ባሏ ሥራ ያገኘው እዚያ ነው፤ ልጅቷን የሚይዙላቸው አማቷም ያሉት እዚያው። ሐኪሟ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሄዳ ልጇን አቅፋ ትመለሳለች። ዝውውር መጠየቅ ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። ዲኑ በየዓመቱ ማመልከቻዋን አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው «አንቺን በማን እተካለሁ?» ይላሉ። ለሰሚው ሙገሳ ነው። ለእሷ ግን በር ሲቆለፍ የሚሰማ ድምፅ ነው።

በሩን የቆለፈባት አንድ አሮጌ ፕሮግራም ነበር። የሃያ ዓመት የተማሪ ውጤት ያለው በእሱ ነው፤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ግን በጭራሽ አይሠራም። ስለዚህ ከዓመታት በፊት አንድ ዘዴ ፈጠረች፦ በአዲሱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሌላ፣ እጅ የማይነካው አሮጌ ኮምፒውተር ሠራችለት፤ ባለሙያዎች ቨርቹዋል ማሽን የሚሉትን። ጠዋት ጠዋት አንድ ቁልፍ ስትነካ ያ አሮጌ ማሽን በትንሽ መስኮት ውስጥ ይነሳል፤ ትራንስክሪፕትም መታተም ይጀምራል። ከእሷ በቀር አሠራሩን የሚያውቅ የለም። ገመዱን የፈተለችው እሷ፣ የታሰረችበትም እሷ።

ዘንድሮ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ዝውውሩን ፈቀደ። የቀረው የዲኑ ፊርማ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ሰኞ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጠ። ማክሰኞ ደግሞ ኮምፒውተሮች በሙሉ በአዲሱ ሶፍትዌር ይሻሻሉ የሚል ትእዛዝ መጣ።

«አሮጌው ፕሮግራም ያለበት የሬጅስትራሩ ኮምፒውተር ይቆይ፤ መጀመሪያ በሌላ እንሞክረው» አለች።

«ሁሉም ማለት ሁሉም ነው» አሉ ዲኑ።

የአሮጌውን ማሽን ቅጂ በውጭ ዲስክ አስቀምጣ፣ እየከበዳት የሬጅስትራሩን ኮምፒውተር አሻሻለች።

ረቡዕ ጠዋት ቁልፉን ነካች። ጥቁር መስኮት ተከፈተ፤ ብልጭ አለ፤ «ማሽኑ ሊነሳ አልቻለም» ብሎ ተዘጋ። ደግማ ነካች። ያው ነው። ከአገልግሎት መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ማዶ ሰልፉ ግቢውን አቋርጧል። ከፊት የቆመች ሴት «እባክሽ እህቴ፣ ለሥራ ፈተና ዛሬ አስገቡ ተብለን ነው» አለቻት። ሐኪሟ ቁልፉን ለሦስተኛ ጊዜ ነካች።

ዲኑ ሲገቡ ፊታቸው ደም መስሎ ነበር።

«ዓመታት ሙሉ ሲሠራ የኖረ ማሽን ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ በተቀመጠ በሦስተኛው ቀን ይሞታል?»

«ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት እያሉኝ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም። ካልተነሳ ግን ተጠያቂ ነሽ።»

«ከተነሳስ?»

«ከተነሳማ ያላንቺ እንደማይሆን አየን ማለት ነው!»

በሩን ገጭ አድርገው ወጡ። ወደ ፊት ገደል፣ ወደ ኋላ ገደል። ክፍሉ በፋይል መደርደሪያና በግድግዳ መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ነገር ነው፤ የዚያን ቀን ደግሞ ይባስ ጠበባት። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አየች፤ አልሞላም። ፋይሉ ጠፍቶ እንደሆነ አየች፤ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ልጇ ደወለች።

«እማዬ፣ የምትመጪው የአሁኑ ቅዳሜ ነው ወይስ የሚቀጥለው?»

«እነግርሻለሁ የኔ እናት» አለችና ስልኩን ዘግታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ያኔ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወንበር እየጎተቱ ገቡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ የአቧራ ካፖርት የማይለያቸው፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያወጡ ሴት ናቸው፤ «እትዬ መዝገብ» ይሏቸዋል።

«ሰው ብቻውን ሲጨነቅ ማየት አልወድም። ሥራሽን ሥሪ፤ እኔ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ» አሏት።

ሐኪሟ ትናንት ያስቀመጠችውን ቅጂ ከፈተች። እሱም አልነሳም። ትንሽ አሰበችና ቀና አለች።

«እትዬ፣ ቅጂው ከመሻሻሉ በፊት የተወሰደ ነው። እሱም ካልተነሳ በሽተኛው ማሽኑ አይደለም፤ የሚኖርበት ቤት ነው።»

ኮምፒውተሩ የስህተት መዝገብ ይይዛል፤ መስመር በመስመር አነበበችው። አሮጌው ማሽን ለመነሳት የሚያስፈልገውን የፕሮሰሰር አቅም ሌላ ነገር ቀድሞ ይዞበታል። አዲሱ ሶፍትዌር ሳይጠይቅ አንድ የጥበቃ አገልግሎት አብርቶ ኖሯል። እሱን ማጥፋትና ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ብቻ ነበር የቀረው።

እጇን ወደ ማውዙ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ከወንበሩ ተነሳች።

«እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

«እኔ? ቢነክሰኝስ?»

«የሚነክሰው እኔን ብቻ ነው። ይቀመጡ። በደብተርዎ ይጻፉ፤ ከዚያ ይንኩ።»

እትዬ መዝገብ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በአንድ ጣት፣ እያንዳንዱን ነገር ጽፈው እያነበቡ ነኩ። ሐኪሟ እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራ ቆመች፤ እንዳትነካ ራሷን እየያዘች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ፤ ብልጭ አለ፤ አሮጌው ፕሮግራም ብቅ አለ። ከሰልፉ እልልታ ተሰማ።

ዲኑ ድምፁን ሰምተው መጡ። «አላልኩም? ያለ እሷ...»

«እኔ ነኝ ያስነሳሁት» አሉ እትዬ መዝገብ ከወንበሩ ሳይነቃነቁ።

«እርስዎ?»

«እሷ አንድ ቁልፍ አልነካችም፤ ሰልፉን ይጠይቁ። ላጥፋውና ደግሜ ላስነሳልዎ?»

ዲኑ ጺማቸውን አሻሹ። «ይሁን። ስድስት ሳምንት ታስተምርዎት፤ ከዚያ እናያለን።»

«‹እናያለን› ቀን አይደለም። ቀን ይጻፉበት።»

ደብዳቤውን አስመጥተው ቀኑን ጻፉበት፤ ፈረሙም። እስክሪብቶውን ሰክተው ሲወጡ ሐኪሟ አንገቷን ደፋች።

«እትዬ፣ የኔን ገመድ እርስዎ ላይ አሰርኩት።»

«የኔ ልጆች ያሉት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። እኔን ምን ያስቸኩለኛል?»

ስድስቱ ሳምንት አላልቅ ብሏት ነበር። በየጠዋቱ ዲኑ ይጠሩኛል ብላ ስትፈራ ሰነበተች፤ አልጠሯትም። ሄደች።

በሄደች በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት የልጇን ጫማ ስታስር ስልኳ ጮኸ፤ የዲኑ ቁጥር ነው። አላነሳችውም። ደግሞ ጮኸ። ባሏ «ላንሳልሽ?» አላት፤ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥለው እትዬ መዝገብ ደወሉ።

«ደውሎልሻል አይደል? አነሳሽለት?»

«አላነሳሁም።»

«ጎሽ። ሶፍትዌሩ እንደገና ተሻሽሎ ያንን ነገር አብርቶት ነበር። ደብተሬን አይቼ አጠፋሁት። በይ ደህና ሁኚ፣ ሰልፍ አለብኝ።»

ከዚያ በኋላም ለብዙ ወራት ስልክ በጮኸ ቁጥር ሐኪሟ ክው ትል ነበር።