እትዬ ዘነበች ፊልም ያዩ ዕለት

ቶሮንቶ በገባሁ በሁለተኛው ክረምት የሆነ ነው። ዛሬም ሲኒማ ቤት መብራት ሲጠፋ እጄን ያልበኛል።

ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ፣ እትዬ ዘነበች ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖሩ ነበር። ወንድማቸው አገር ያወቀው ደራሲ ነበር። ካረፈ ዓመት አልፎት ነበር።

አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ የወንድሜን ሕይወት በፊልም ሠርተውታል አሉ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ አዳራሽ ተከራይተው ያሳያሉ። ትወስደኛለህ?»

ዌርሃውስ ዕቃ መጫንና ማውረዱ አድክሞኝ ነበር፤ ግን እሺ አልኳቸው። አዳራሹ ይሞቃል፤ እሳቸው ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ላውልቅልዎት ብል «ይቆይ» አሉኝ።

ፊልሙ ተጀመረ። እኔ ችኩሉ ለሰናይት ቴክስት አደረግኩላት፤ «እናትሽን የወንድማቸውን ፊልም እያሳየኋቸው ነው።» ምስጋና ስጠብቅ ኮል አደረገች። ኮሪደር ወጥቼ አነሳሁት።

«አብደሃል እንዴ? መሞቱን አልነገርናትም እኮ! የልብ ኦፕራሲዮን ስላደረገች ታሟል ብለን ነው የያዝናት። በናትህ መጨረሻውን ሳታይ አውጣት! አሁን ኢቶቢኮ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው።»

መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኔ ጉደኛው ትኬት ቆርጬ ላረዳቸው!

ተመልሼ «እትዬ፣ ወጣ ብለን ሻይ እንጠጣ» አልኳቸው።

«አርፈህ ተቀመጥ።»

«መኪናዬን ይጎትቱብኛል፣ እንሂድ።»

«ሂዳ አንተ!»

ስክሪኑ ላይ ደራሲው ሆስፒታል ተኝቷል። እያሳለ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለነርሷ ያስጽፋል። ድምፁ እየደከመ መጣ። የሰው እግር እየረገጥኩ ሮጥኩና የዲቪዲውን ሶኬት ነቀልኩት። አዳራሹ ጮኸብኝ። መብራት በራ።

እትዬ ዘነበች ካፖርታቸውን አውልቀዋል። ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«እትዬ… ያውቁ ኖሯል?» አልኩ፣ አጠገባቸው ደርሼ።

«ወንድሜ እሁድ እሁድ ሳይደውልልኝ ቀርቶ አያውቅም። ሲቀር ገባኝ። ሰናይት እንዳትጨነቅ ብዬ ዝም አልኩ። ግን ከሰው ጋር ሆኜ አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩለትም። በል ክፈተው፣ ልጄ።»

ሄጄ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። ሰናይት ስትደርስ የማያውቋቸው ሴቶች እናቷን ከብበው አብረው ያለቅሱ ነበር። እሷም ሄዳ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

ያን ቅዳሜ ከአፌ ሊወጣ የነበረው «ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን» የሚል ነበር። ብያቸው ቢሆን ኖሮ እትዬ ዘነበች ወንድማቸውን የት ያለቅሱት ነበር?